በሳጥን የታሰረው ስልክ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

አሁንም ስልክ፣ ስልክ፣ ስልክ። ደብተሬ፣ ከተማችን ኡኬ ስልክ ከገባላት ወዲህ ሌላ ወሬ የለም። አንድ ስልክ ለመላው ከተማ! ክርክሩ የት ይቀመጥ ነው። ባለሱቁ ጋሽ ከድር እኔ ጋ ይሁን ይላል፤ ሱቄ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነው፣ ቀበሌው ግን ስብሰባ በተባለ ቁጥር ይዘጋል። (እውነቱን ነው።) የቀበሌው ሊ/መንበር አባዬ ነው። ተነስቶ፣ የሕዝብ ስልክ ከስኳርና ከሳሙና ጋር አይደረደርም አለ። ነጋዴው ያኮረፈውን ሰው አላስደውልም ቢልስ? ጭብጨባ። እኔም አጨበጨብኩ። ሲናገር ቁመቱ ይጨምራል።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

አባዬ ለስልኩ የእንጨት ሳጥን አሠራ። ባለቁልፍ። የሕዝብ ንብረት እንዳይጎዳ! ቁልፉ እሱ ኪስ ውስጥ። ስልኩ ምን አጥፍቶ ታሰረ ብዬ ስጠይቀው ተቆጣኝ። ሌላ ወሬ፦ ለእረፍት የመጣ ወታደር ከወንድሜ ከቶለሳ መልእክት አደረሰን። ከዘመተ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። እሑድ ከጸሎት በኋላ ይደውላል። እማዬ ወጡ ላይ ሁለቴ ጨው ጨመረች። ሁላችንም በላነው።

እሑድ፣ ኅዳር 9፣ ከሰዓት

አባዬ ጠዋት ለድንገተኛ ስብሰባ ነቀምቴ ተጠራ። ሄደ። ቁልፉም አብሮት! ከጸሎት መልስ ቀበሌ ጽ/ቤት ስንደርስ ስልኩ ሳጥኑ ውስጥ ይጮኻል። የከተማው ሽማግሌዎች ከበው ያዩታል። አንዱ ሽማግሌ፣ ኦቦ ገመቹማ፣ ለቅሶ የመጣ ይመስል ባርኔጣውን አወለቀ። እማዬ ወጣች። ከጎረቤት ዘነዘና ይዛ ተመለሰች።

የቀበሌው ዘበኛ፣ «አዴ ጫልቱ፣ የሕዝብ ንብረት ነው!»

«እኔስ? ሕዝብ አይደለሁም?»

ጓ! ሳጥኑ ለሁለት። ስልኩ ደህና። ቶለሳም ደህና! «ሃርሜ ኮ»፣ እናቴ፣ ሲላት እኔም ሰማሁ። ማን እንደ እኔ እናት!

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

ስብሰባ። ዘበኛው እማዬን ከሰሰ። ጋሽ ከድር ደስ ብሎት፣ እኔ ጋ ቢሆን ማን ይሰብር ነበር ይላል። ሁሉም ሰው አባዬን ያያል፤ ሚስቱ ናታ። ተነሳ። ግለ ሂስ አደረገ፤ ለሕዝብ ብዬ በሕዝብ ላይ ቆለፍኩ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። ግን ሱቅም ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ነው አለ። (ጎበዝ!) እማዬም ግለ ሂስ ታድርግ ተባለ። ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። ጥፋቷ ዘግይታ መስበሯ ብቻ እንደሆነ ተናገረች። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ አባዬ ሳይቀር።

ተወሰነ፦ ስልኩ ቀበሌ ይቆያል። ያለ ሳጥን፣ ያለ ቁልፍ። ስብሰባ ኖረም አልኖረ፣ ሴቶች ማኅበር በተራ ይጠብቃል። ጋሽ ከድርም እጁን አወጣ። የእኔ እጅ ግን፣ ዕድሜሽ አልደረሰም ተብሎ አልተቆጠረም። ሁለቱንም አውጥቼ ነበር።