አስታማሚ የሌለበት ውል

መጋቢት 1፣ ሰኞ

ጥፋቱ የመልአኩ ነው። ሌላ ተጠያቂ አልፈልግም።

በተረፈ ቀኑ እንደ ሌላው ቀን ነው። ልብስ አጠብኩ። እዚህ ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ ገበያ ወርጄ ጎመን ገዛሁ፤ ከላይ ለምለም፣ ከሥር ጠውላጋ። ሻጩን አየሁት፣ አየኝ፣ ገንዘቡን ተቀበለኝ።

እህቴ ብርነሽ አገር ቤት ዳሌዋን ተሰብራ ከተኛች ስድስተኛ ቀኗ። ቀዶ ጥገናው ተሳክቷል። ሐኪም ቤቱ አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። መሬቱና ሐኪሞቹ የመንግሥት። ሕንፃውን የሠራው፣ ምግቡን፣ አንሶላውን፣ ጽዳቱንና ጥበቃውን ለሃያ ዓመት የያዘው ደግሞ ኩባንያ። የመንግሥትና የግል አጋርነት ይሉታል። ውሉን ካረቀቁት አንዱ መልአኩ ነው፣ የሟች ጓደኛዬ የጸሐይወርቅ ልጅ፣ ዴን ሃግ፣ ሄግ የሚሉት ከተማ፣ ከረባት አስሮ የሚሠራው።

በዚያ ውል ውስጥ አስታማሚ የለም። ጎብኚ ነው ያለው። ከአራት እስከ አምስት ሰዓት፣ አንድ ሰው፣ ምግብ ሳይዝ። እኛ አገር አስታማሚ የሌለው በሽተኛ ማን ሰምቶ ያውቃል? ውሃ ማን ያቀብላታል? ሽንት ቤት ማን ይደግፋታል? ኩባንያው፣ አሉ…

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

የብርነሽ ልጅ ሐምራዊት ደወለች። እናቷ ከሻይ በቀር አትቀምስም። ቁርስ እንቁላልና ወተት፣ ምሳ የሥጋ መረቅ። በዐቢይ ጾም! ዳቦውን ልትቆርስ ስትል ቅቤ ሸተታት፣ እሱንም ተወችው።

ነርሷ ምግቡ የእኛ አይደለም፣ የኩባንያው ነው አለች። የኩባንያው ሰው የምግቡ ዝርዝር ከውሉ ጋር የተያያዘ ነው አለ። የንስሐ አባቷ በስልክ፣ በሽተኛ ስለሆንሽ ብዪ ብለዋታል። እሷ ግን አባ ከእኔ የባሰውን በሽተኛ ማለታቸው ነው ብላ ተርጉማዋለች። ግትር ናት። በማን እንደወጣች አላውቅም።

ካርዷ ላይ የተጻፈው «ምግብ አልፈልግም ብላለች» ነው። ለምን እንደሆነ የሚጽፍ የለም።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ሐምራዊት ሽሮ በፔርሙስ ደብቃ ልትገባ ስትል ተያዘች። ጥበቃው ከፍቶ አሸተተና፣ የእናቴን ሽሮ ይመስላል አለ። አላስገባትም። ጥግ ይዘው አብረው በሉት።

ሳቅኩ። ከዚያ ብርነሽ እንዳልበላች ትዝ አለኝ።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ልጄ ሊባኖስ ከዛንዳም መጣ። መጋዘን ነው የሚሠራው፣ ሲደክመው ምክር ይወዳል። ስጮህ፣ «ማማ፣ ሩስቲህ፣ ተረጋጊ አንቺ» ይለኛል። እዚህም እኮ የጥየቃ ሰዓት አለ አለኝ።

አለ። እዚህ ግን ደወል ስትጫኚ የሚመጣ ሰው አለ። እዚያ ደወሉ አለ።

ለእኔ ስለ ሆስፒታል ሊነግረኝ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያጸዳው ማን ሆነና? እኔ የኩባንያ፣ ነርሷ የሆስፒታል። ወለሉ በውላችን ላይ ነበር፣ ሽንት ቤቱ ነበር። የመስኮቱ ደፍ ግን በማንም ውል ላይ አልነበረም። አለቃዬን ስጠይቃት የእኛ አይደለም አለች። ነርሷን ስጠይቃት የእኛ አይደለም አለች። አቧራው መቼም የሰው አይደለም… እኔው እወለውለው ነበር።

መጋቢት 7፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ መልአኩን አገኘሁት። ምስር በሳህን ይዞ ቆሟል። ሰው ፊት ልናገረው አላሰብኩም ነበር… አስቤ ነበር።

ስለ ብርነሽ ነገርኩት። ያዝናል፣ ግን መልስ አለው። ደረጃው ዓለም አቀፍ ነው፣ መጨናነቅ ይቀንሳል፣ የኩባንያው ግዴታ በግልጽ ተቀምጧል… ጥሩ አድርጎ ይናገራል። በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ፊደል የቆጠረች ሴት ከዚህ ሁሉ ጋር መከራከር የለባትም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት።

«ልጅ ሆነህ ታይፎይድ ይዞህ ሃያ ቀን ስትተኛ፣ ከአልጋህ ሥር ማን ነበር?»

«እማዬ።»

«ታዲያ እሷን የት ጋ ጻፍካት?»

ሳህኑን አስቀመጠ። አስታማሚዎችን ጎብኚዎች ብለን ነው የቆጠርናቸው አለ፤ ቅጹ የመጣው ከዚህ አገር ነው፣ በቅጹ ላይ ሠራተኛና ጎብኚ ብቻ ነበር። እሱ ራሱ ሲሞላው አላስተዋለም።

እነመልአኩ አገር ቤት በሌላ ከተማ ሁለተኛ ሐኪም ቤት ሊያሠሩ ነው፤ ረቡዕ እሱ መሥሪያ ቤት ስለ ውሉ ስብሰባ አለ። «እትዬ፣ ይምጡና ይንገሯቸው» አለኝ። ምስሩን ሳይጨርስ ሄደ። ጨውም አንሶት ነበር።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ሐኪሙ እስከ ሐሙስ ካልበላች በአፍንጫዋ ቱቦ እናስገባለን ብሏል። መድኃኒቱ በባዶ ሆድ አይወሰድም፣ ቁስሉም አይድንም። ሐምራዊት እያለቀሰች ነው። መልአኩ ለኩባንያው ኃላፊ ጽፏል። መልስ የለም።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ዴን ሃግ። ባቡር፣ ከዚያ ትራም፣ ከዚያ ስምንተኛ ፎቅ። ቡና በብርጭቆ፣ አንዲት ትንሽ ብስኩት። ሰባት ሰዎች። ሊቀ መንበሯ አጭር ፀጉር ያላት ደች ናት፣ ሜፍራው፣ ወይዘሮ፣ እያለች አከበረችኝ።

በደችዬ ተናገርኩ። የተሰባበረ ነው፣ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ታዝዤበታለሁ፣ አንድ ቀን ልዘዝበት። ስለ እንቁላሉ ነገርኳቸው። ስለ መስኮቱ ደፍ ነገርኳቸው፣ ሊቀ መንበሯ ሳቀች፣ ከዚያ ጻፈች። እህቴ የወደቀችው እንደዚያ ያለ ቦታ ላይ ነው አልኳት፤ በሁለት ውል መካከል።

የኩባንያው ሰው ትሑት ነው። ቤተሰብ ወለል ላይ ከተኛ ጀርም ይመጣል አለ። ልክ ነው፣ ይመጣል። ነርስም ታመጣለች፣ እሱም ያመጣል። አስታማሚዋን እጅ መታጠብ አስተምሯት፣ ባጅ ስጧት፣ የምትተኛበት ወንበር ስጧት አልኩ። የሕንፃውን ፕላን ዘርግተው ነበር። በአልጋውና በግድግዳው መካከል ያለውን ባዶ ቦታ በጣቴ አሳየኋቸው። ስፋቱን አነበብኩላቸው፣ ቁጥሩ ተጽፎበታል።

ከዚያ መልአኩ ተነሣ። ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ። ስህተቱ የእኔ ነው አለ። «እናቴን ጎብኚ ብዬ ቆጥሬያታለሁ።» ሌላ አልጨመረም። ጸሐይወርቅ ብትሰማው…

ተስማሙ። ለአንድ አልጋ አንድ አስታማሚ፣ የጾም ምግብም በዝርዝሩ ላይ። በአዲሱ ውል ይጻፋል፣ በብርነሽ ሐኪም ቤት ለስድስት ወር ይሞከራል። የኩባንያው ሰው እዚያው ክፍል ውስጥ ሆኖ አገር ቤት ደወለ።

መልአኩ እስከ ትራሙ ሸኘኝ። ይቅር ብለውኛል ወይ አለኝ። ትራሙ መጣ አልኩት።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ብርነሽ በላች፣ ሁለት ጭልፋ ሽሮ። ቱቦው ቀረ።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ሐምራዊት ባጇን አንገቷ ላይ አድርጋ ፎቶ ላከች። ጥበቃው አሁን እየተነሣ ነው የሚያስገባት። ሽሮ ይቀርልኛል ብሎ ይሆናል።

መልአኩን ቤተ ክርስቲያን አየሁት። ሰላም አልኩት። ረጅም ሰላም አይደለም።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

ብርነሽ ቤቷ ገብታለች። በምርኩዝ ትሄዳለች፣ ሁሉንም ታዛለች። አንድ ሰዓት ያህል አወራን። እንዴት አድርጌ ዴን ሃግን እንዳንቀጠቀጥኩ ስነግራት፣ ስለ መልአኩ ጥፋት ስነግራት፣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ በቀስታ፦

«እኔ እኮ አሮጌው ይሻለኛል ብዬሽ ነበር። ሐምራዊት አጠገቤ ትተኛለች ብዬሽ። ያብረቀርቃል፣ እዚያ ካልሄድሽ አላናግርሽም ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ነኝ። ያኔ መልአኩ የአዲሱን ሐኪም ቤት ፎቶ በስልኩ አሳየኝ፤ እኔ ስጠርገው የኖርኩትን ዓይነት ወለል አየሁ፣ እህቴ እንደዚህ ያለ ወለል ባለበት ትታከም ብዬ ቆረጥኩ። እሷ ስትለምነኝ አልሰማኋትም። ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገልጬ ፈለግኩት። የትም አልጻፍኩትም።

በሰኔ ለምርመራ መመለስ አለባት። የት ልሂድ አለችኝ። አፌ ተከፈተ… አሮጌው ልል ነበር፣ ለማካካስ። መልሼ ዘጋሁት። አንቺስ የት ትወጃለሽ አልኳት።

«አዲሱ» አለች። «ሙቅ ውሃ አለው።»

በልቤ አልተስማማሁም። ይሁን። ከእንግዲህ ሮተርዳም ተቀምጬ ለእህቴ ሐኪም ቤት አልመርጥላትም።