ቅቤ የጠጣው ከዘራ

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ጠዋት።

ታደሰ ትናንት በሰው ሁሉ ፊት አዋረደኝ። ጠላቴ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ አብሮ አደጌ ነው። መጀመሪያ ይህን ልጻፍብህና ልገላገል፣ ደብተሬ።

የወዳጄ የጌታሁን ሙት ዓመት ነበር፤ እዚሁ ስዊድን፣ ስፖንጋ፣ የቤ/ክ አዳራሽ። ባለቤቱ ወ/ሮ ዘነበች የተሰበረ ከዘራውን ሰጥታኝ ነበር፤ ለሁለቱ ልጆቹ መታሰቢያ እስክሪብቶ እንድሠራበት። ሠራሁ። አስረከብኩ። ዮናስ፣ ታላቅየው፣ ተቀብሎ ሲያገላብጠው ጣቱ ላይ ተጣበቀ። ሸሚዙ ቢጫ ነካው። ታደሰ ከልጁ እጅ ነጠቀና ከፍ አድርጎ ለሰዉ አሳየ። «መኮንን፣ ይሄ እስክሪብቶ ነው ጧፍ? እንለኩሰው?»

ሳቁ። ቄሱም ሳቁ። ሣራ፣ ታናሽየዋ፣ አልሳቀችም። የራሷን በናፕኪን ጠቅልላ ቀስ ብላ ቦርሳዋ ከተተች። ከሳቁ የባሰብኝ ይህ ነው።

ተነሥቼ ወጣሁ። እህል አልቀመስኩም።

ያው ቀን። ከሰዓት።

ከዘራው ውስጡ ነቅዟል። እንዲያው መቅረጫው ቶርኖ ላይ ቢወጣ ይፈረፈራል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀጭን ሙጫ መጠጣት አለበት። ሙጫ ውስጥ ትዘፈዝፈዋለህ። በፓምፕ አየሩን ትስባለህ። አረፋው ሲያበቃ አየር ትለቅበታለህ፤ ያኔ ሙጫው ባዶውን ቦታ ሁሉ ይይዛል። ከዚያ በፎይል ጠቅልለህ ኦቭን ውስጥ። ድንጋይ ሆኖ ይወጣል።

ማንም አላስተማረኝም። እያበላሸሁ ነው የተማርኩት። የዚህን አገር ዛፍ በርችን፣ የፖም እንጨት፣ ስንቱን ሠርቻለሁ፤ አንዱም እንዲህ አላላበውም። ጥፋቱ የእኔ አይደለም። ሙጫው ነው። የቆየ ሸጠውልኛል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17።

ሙጫው ደህና ነው። ከዚያው ጣሳ ቀድቼ በርች ሠራሁ። ድንጋይ።

ወ/ሮ ዘነበች ደወለች። ጋሽ መኮንን እንዳይቀየሙኝ፣ አለች። የተረፈውን እንጨት እንድመልስላት። ታደሰ ሄሰልቢ የሚባል ሰፈር ውስጥ ላርስ የሚባል ጡረተኛ ስዊድናዊ አግኝቶላታል፤ ቤቱ ትልቅ ቶርኖ አለው። የተበላሹትንም ወስዶ አሳይቶታል። ይህ ሁሉ ከጀርባዬ!

እሺ አልኩ። እኔው ወስጄ እሰጠዋለሁ አልኳት። ስልኩን ዘግቼ የተረፈውን እንጨት ለካሁት።

የቀረው ሁለት እስክሪብቶ የሚያወጣ ብቻ ነው። ሰውየውም ካበላሸው ልጆቹ ከአባታቸው ከዘራ ስንጥር አይደርሳቸውም።

ዓርብ፣ ኅዳር 19።

እርጥበት ይዞ እንደሆነ ልይ ብዬ ከጫፉ ስንጣሪ ቆረጥኩ። ያለ ሙጫ ኦቭን ውስጥ ከተትኩት። ሻይ ላፈላ ዞር ስል ሽታ መጣ። በጾም፣ በዓርብ ቀን፣ ቤቴ ቅቤ ቅቤ ሸተተ! የበሰለ፣ የከረመ ቅቤ። ኦቭኑን ከፈትኩ። ስንጣሪው ወዝቶ ያብረቀርቃል።

ጌታሁን።

በየመስቀሉ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ቅቤ ያሸው ነበር፤ እንዳይሰነጠቅ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ። ከዘነበች ፀጉር ጠርገህ ነው ወይ እያልኩ እቀልድበት ነበር። የአባቴም ዱላ እንዲሁ በቅቤ የታሸ ነበር። ቅቤ የጠጣ እንጨት ሙጫ አይጠጣም፤ የገባውም አይደርቅም። ስዊድናዊ ይህን ቢስት ማን ይፈርድበታል? እኔ ግን!

ታደሰ ማዋረዱ፣ አዋርዶኛል። አልተውለትም። ግን እፍረቱ ዛሬ ነው የገባኝ። ሙጫ ሻጩን ስረግም ሰነበትኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23።

ሌላ ስንጣሪ ቅባት የሚያሟሟ አሴቶን ውስጥ ዘፈዘፍኩ። ቢጫ ወጣው። አሴቶኑን ቀየርኩ፤ አሁንም ቢጫ። እንደገና ቀየርኩ፤ ጠራ። አደረቅሁት። ሙጫ ጠጣ። ድንጋይ።

እንግዲህ እችላለሁ። ወ/ሮ ዘነበችን ልለምናት? አንድ ዕድል ስጪኝ ልበል? አልልም። ለምኜ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25።

በአውቶቡስ ሄሰልቢ። ላርስ በእኔ ዕድሜ ነው፤ እጁ የሠራተኛ እጅ። እንጨቱን ሰጠሁት። በዚህ በተሰባበረ ስዊድንኛዬ ነገርኩት፦ ቅቤ አለበት፤ መጀመሪያ አሴቶን፣ እስኪጠራ ድረስ፤ ከዚያ ማድረቅ፤ ሙጫው መጨረሻ። አሸተተው። ቅቤ? አለ፣ ቅንድቡን ሰቅሎ። አዎ፣ ቅቤ። አልሳቀም።

ጠረጴዛው ላይ እኔ የሠራኋቸው ሁለቱ እስክሪብቶች ተጋድመዋል፤ አቧራ ለብሰዋል። አነሣቸውና ማን ነው የሠራቸው? አለኝ።

አንድ የማውቀው ሰው፣ አልኩ።

ቅርጹ ግሩም ነው፣ ሰውየው እጅ አለው፣ አለ። ካፖርቴን አነሣሁና ተሰናበትኩት። የገዛ እጄን ካድኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ። አውቶቡስ ውስጥ ጆሮዬ እንደጋለ ቤቴ ደረስኩ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12።

ከቅዳሴ በኋላ ዮናስ እየሮጠ መጥቶ አዲሱን እስክሪብቶ አሳየኝ። ጠንካራ። ለስላሳ። ነቀዙ የሄደበት መንገድ ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። በስዊድንኛ ይንተባተባል፤ የአባቴን እጅ የጨበጥኩ ይመስለኛል፣ ይላል። ሣራም የእሷን እጄ ላይ አኖረችልኝ፣ ያዙት ጋሼ ብላ። ያዝኩት። አይጣበቅም።

የፈረንጁ እጅ ይባረክ፣ አለች ወ/ሮ ዘነበች።

ታደሰ ከኋላዋ። «አየህ መኮንን? ለባለሙያ መስጠት ነው!»

ምላሴ ጫፍ ደረሰ። ቅቤው፣ አሴቶኑ፣ ሄሰልቢ መሄዴ። ብናገር ሳቁ ወደ እሱ ይዞራል። ግን በልጆቹ ደስታ መሐል የእኔ ክስ ሊቆም ነው። ዋጥኩት። እንኳን ደስ ያላችሁ ብዬ ወጣሁ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13።

ታደሰ ደወለ። የቅቤውን ነገር ላርስ ነግሮታል። መኮንን፣ አንተ ነህ አሉ፣ ምነው ዝም አልከኝ፣ ይላል፤ ድምፁ ተሰብሯል። ስለ ከዘራው ከሆነ እዘጋለሁ፣ ስለ ሌላ ከሆነ ተናገር፣ አልኩት። ወንድሜ፣ አለ። ዘጋሁ።

አንተም ስማ፣ ደብተሬ። ለታደሰ፣ ለዘነበች፣ ለልጆቹ፣ ለአንተም ቢሆን፣ ይህን ነገር ዳግመኛ አላነሣም። አትጠብቀኝ።