ወደ አንተ ስልክ የሚመጡት የሴኡል ፎቶዎች

ጀማሌ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፣ አላህ ያለህበትን ያስፋልህ። ከተለየኸን ሁለት ረመዳን ጾምን። ሁለቱንም ዒድ ልጅህ ሙባረክ ከሶላት መልስ መቃብርህ ጋ ሳይደርስ ቤት አልገባም። እኔ ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። በሕይወት እያለህ እዚሁ ድሬ ውስጥ ከመጋላ ከዚራ ደርሰህ ከመመለስ በላይ ርቀኸኝ ስለማታውቅ ምን ብዬ ልጽፍልህ? ዛሬ ግን እጄን የማሳርፍበት አጣሁ። እሑድ ነው፣ ዙሁር ተሰግዷል፣ ነኢማ ግን እስካሁን ፎቶ አልላከችም።

አዎ፣ ልጅህ ፎቶ የምትልከው አሁንም ወደ አንተ ስልክ ነው። የትምህርት ዕድሉን አግኝታ ወደ ሴኡል ስትሄድ አንተ ኩላሊትህ አሞህ አልጋ ላይ ነበርክ። ቀኑን ሙሉ በአማርኛ የተተረጎሙትን የኮሪያ ድራማዎች ስታይ ትውላለህ። የነገሥታቱን ቤተ መንግሥት፣ ተራራው ጫፍ ላይ ያለውን ማማ፣ መኪና መሃል የቆመውን የጥንት በር ከራስህ ሰፈር በላይ አውቀሃቸው ነበር። «አንቺ በእግርሽ ሂጂ፣ እኔ በስልክ እጎበኛለሁ» አልካትና በየእሑዱ አንድ ቦታ ልታሳይህ ቃል አስገባሃት። ለቀብርህ አልደረሰችም፤ በሚቀጥለው እሑድ ግን ስልክህ ጮኸ። ከፍቼ ሳይ የቤተ መንግሥቱ ዘበኞች ቀይና ሰማያዊ ለብሰው ሲቀያየሩ የሚያሳይ ፎቶ ነው። ከዚያ ወዲህ አቋርጣ አታውቅም። እኔም ስልክህን ቻርጅ አድርጌ፣ ካርድ ሞልቼ፣ ትራስህ አጠገብ አኖረዋለሁ። አንድም ቀን ግን ከሱ መልሼላት አላውቅም። ከሞተ አባቷ ስልክ መልስ ቢደርሳት ትደነግጣለች ብዬ ስለምፈራ የማወራት በራሴ ስልክ ነው።

ቤታችን ያው ነው። ባጃጅህን ሙባረክ ይነዳታል፤ ወንበሯን በቀይ ቆዳ አልብሷት፣ ከጆሮ በላይ የሚጮህ ሙዚቃ ገጥሞላት ብታያት አትለያትም። ነገ ዘይት አደርግበታለሁ እያልክ ዕድሜህን የጨረስክበትን ፋን ልጅህ በአንድ ጠዋት ሠራው። አሁን ሲዞር ድምፅ የለውም፣ እኔም ዝምታው እንቅልፍ ነሳኝ። ሻይ ቤቱ ጋ ያሉት ጓደኞችህ ባዩኝ ቁጥር «የሚቲዎሮሎጂው ቤት ሰላም ነው?» ይሉኛል። ስሙን ሲያወጡልህ ተቆጥቼ ነበር፣ አሁን ሲጠሩት ደስ ይለኛል።

ክረምት ሲገባ ከሰዓት በኋላ የደቻቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ባጃጅህን አቁመህ ወደ ደንገጎ ተራራ የምታየውን ማን ይረሳዋል። እዚህ ከላያችን ፀሐይዋ አናት እየበሳች፣ እዚያ ተራራው ላይ ደመናው ከጠቆረ ስልክህን ታወጣለህ። ለኔ ትደውላለህ፣ ቀፊራ ገበያ ቅመም ለምትሸጠው እህትህ ለፋጡማ ትደውላለህ፣ ደቻቱ አሸዋ ላይ ኳስ ለሚራገጡት ልጆች አባቶች ሁሉ ትደውላለህ። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ዋላችሁ የለ። «ደንገጎ ጠቁሯል፣ ከወንዝ ውጡ» ብለህ ትዘጋዋለህ። አብዛኛውን ጊዜ ጠብታም አይወርድም፣ ሰውም ይስቅብሃል፣ አንተም አብረህ ትስቅና በማግስቱ ደግሞ ትደውላለህ። ማን ሊፈርድብህ። ታናሽ ወንድምህን ከድርን የደቻቱ ጎርፍ የወሰደው ከከተማው በላይ ቁራጭ ደመና ሳይኖር ነው። ደረቅ አሸዋ ሊሻገር ወርዶ እንደወጣ ቀረ።

ጉዱ ታዲያ ይህ ነው፤ አንተ ሄደህ ያ ዓይንህ እኔ ጋ ቀረ። ነኢማ ቤተ መንግሥቱን ስትልክ ሌላው ሰው ጣሪያውን፣ ቀለሙን፣ ከአጥሩ ውጭ የተደረደረውን የመስታወት ፎቅ አይቶ ይደነቃል። እኔ የማየው ከጀርባው የቆመውን ተራራ ነው። እዚያ ላይ ዝናብ ቢጥል ውሃው በየት በኩል ይወርዳል እያልኩ ፎቶውን በጣቴ አሰፋዋለሁ። አንዴ የአገሩን ቀሚስ፣ ያንን ከደረት ጀምሮ የሚነፋውን፣ ከነሻርፗ ለብሳ በሩ ላይ ቆማ ላከች። የአገር ልብስ የለበሰ በነጻ ይገባል አሉ። ፋጡማ ፎቶውን አይታ «ወላሂ ይቺ ልጅ ኒካህ አስራለች» ብላ ቀፊራን በሙሉ ልታዳርስ ስትል በስንት ልመና አስቆምኳት።

ማማውን ወድጄዋለሁ። እዚያ ፍቅረኞች ጓጉንቸር ቆልፈው ይሄዳሉ። ነኢማ ያንተንና የኔን ስም ጽፋ ቆልፋልናለች፣ ስንት ዘመን አብረን ኖረን አሁን ተቆለፍን። የወጣችበት በገመድ የሚንጠለጠል መኪና ነገር ቢያስፈራኝም ማማው ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃ አይደርስበትም ብዬ ተጽናናሁ። መስጊዳቸውም ኮረብታ ላይ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ጥንታዊ የእንጨት ቤቶች ያሉበት ሰፈርም ዳገት ላይ ነው። ሰው ስለሚኖርባቸው ጎብኚ ድምፁን እንዲቀንስ በየግድግዳው ተለጥፏል። የድሬ ሰው እዚያ ሰፈር ግማሽ ቀን የሚቆይ አይመስለኝም። ከድሬ ገበያ ጋር ይመሳሰላል ያለችውንም ገበያ አሳየችኝ፣ ሰዉ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ይበላል። ሥጋውን እንዳትነካ ነገርኳት፣ አትክልት ብቻ ነው የበላሁት አለችኝ፣ አመንኳት።

ያስጨነቀኝ ባለፈው እሑድ የመጣው ፎቶ ነው። ከተማው መሃል፣ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ፣ ግራና ቀኙ በድንጋይ ግንብ የታጠረ ወንዝ አላቸው። ሰዉ በደረጃ ይወርድና ዳሩ ላይ ይቀመጣል፣ በድንጋዮች ላይ እየዘለለ ይሻገራል። ነኢማ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃው ውስጥ ከታ ትስቃለች። ከሥሩ «አባ፣ በሚቀጥለው እሑድ ከጓደኞቼ ጋር ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግራችን እንሄድልሃለን» ብላ ጽፋለች። ፎቶው የሚያምር ነው፣ አልዋሽህም። እኔ ግን ያየሁት ግንቡን ነው። ውሃ ቢመጣ ልጄ በየት ትወጣለች?

ሳምንቱን በሙሉ ያንን ወንዝ ተሸክሜ ከረምኩ። ሙባረክን ይዤ ስልክ ላይ ካርታ አስወጥቼው ወንዙ የሚመጣው ከዚያው ከቤተ መንግሥቱ ጀርባ ካሉት ተራሮች ወገን መሆኑን አየሁ። የነሱም ክረምት እንደኛው ሐምሌ ላይ ነው። ትናንት ስደውልላት ከሰላምታ በፊት እሱን አነሳሁባት። «እማ፣ ይሄ ደቻቱ አይደለም። ዝናብ ሲመጣ በድምፅ ማጉያ ይነግራሉ፣ ሰዉን ያስወጣሉ፣ በሩን ይዘጋሉ» አለችኝ። ውሃው ከድምፅ ማጉያው ቢቀድምስ አልኳት። በቀስታ «እማ፣ በቃሽ» አለችኝ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ድካም ነው የሰማሁባት። ሙባረክም ከጎኔ ሆኖ «አቦ እማ፣ ልጅቷን አስጨነቅሻት» አለኝ። ጀማል፣ ያንተ ጭንቀት ሰውን ያስቅ ነበር። የኔ ለምን ሰውን እንደሚያስመርር አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት የሴኡልን አየር ስልኬ ላይ ሳይ ዝናብ ይላል። የነሱ ሰዓት ከኛ ስለሚቀድም አሁን እዚያ እየመሸ ነው፤ ፎቶው ሁልጊዜ የሚደርሰኝ ገና ጠዋት ሳለ ነው። ደወልኩ፣ ስልኳ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ። የጓደኞቿን ቁጥር አላውቅም፣ ባውቅስ በምን ቋንቋ አወራቸዋለሁ። ለፋጡማ ብነግራት ከኔ ብሳ ትጮህብኛለች። ስለዚህ ወደ አንተ መጣሁ። ብትኖር ምን ታደርግ ነበር? ሌላው እንኳ ቢቀር ድልድዩ ላይ የምትቆምበት ነበረህ፣ እኔ ግን የዚያን አገር ተራራ የማይበት ድልድይ የለኝም። የምፈራውን ልንገርህ፤ ውሃውን ብቻ አይደለም። ያንን ሁሉ ዓመት እኛን ያቆየን ያንተ ዓይን ነበር፣ አንተ ስትሄድ እሱ አብሮህ ሄዶ እኔ ጋ የቀረው ፍርሃቱ ብቻ ከሆነ ልጆቼን በምን እጠብቃለሁ?

ቆይ፣ ስልክህ ጮኸ።

እሷ አይደለችም። የካርድ ቅናሽ ማስታወቂያ ነው።

ብዕሩን አስቀምጬ ነበር፣ አሁን ነው የተመለስኩት። ነኢማ ላከች፣ ደህና ናት። ፎቶው ወንዙም ማማውም አይደለም። በፎቆቹ መካከል አጮልቆ የሚታይ ተራራ ነው፣ ጫፉን ደመና ውጦታል፣ ከታች ግን መንገዱ ላይ ፀሐይ አለ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «አባ፣ ደንገጎ ጠቁሯል። ከወንዝ ወጥተናል።»

አነበብኩት፣ ደግሜ አነበብኩት፣ ከዚያ አለቀስኩ። ወዲያው በኔ ስልክ ደወለችልኝ። ወንዙ ዳር ተቀምጠው ሳለ ቀና ስትል ያንን ደመና አየች። ምን እንደነካት ሳታውቅ ጫማዋን በእጇ ይዛ ተነሳች፣ ጓደኞቿንም ሁሉ አስነሳች። ያመማት መስሏቸው ተከተሏት። ፎቶውን እንዳነሳች የስልኳ ባትሪ አለቀ፤ የላከችው ቤት ገብታ ቻርጅ ካደረገች በኋላ ነው። ከመንገዱ በላይ ካለ ሻይ ቤት ገብተው ዝናቡን ቢጠብቁ ቢጠብቁ ጠብ አላለም። በደንብ ሳቁባት። ዝናቡ የመጣው ተስፋ ቆርጠው ወደየቤታቸው በአውቶቡስ ሲሄዱ ነው። «እማ፣ ልክ እንደ አባ መሳቂያ ሆንኩ» አለችኝ፣ እሷም እየሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ፤ «ልጄ፣ አለሁልሽ» አልኳት።

ከዘጋች በኋላ ያንተን ስልክ አነሳሁ። ፈርቼ ነበር፣ ግን ጻፍኩላት፦ «አይተነዋል። እናትሽ ነኝ።» ብዙም ሳይቆይ የልብ ምልክት ላከችልኝ።

ጀማሌ፣ ስልክህን አላዘጋውም። የምትልከውን ቦታ ሁሉ ስላንተ አይልሃለሁ፣ ተራራውንም ቤተ መንግሥቱንም። እስካለሁ ድረስ ስምህን ከአፌ፣ ዱዓህን ከሶላቴ አላጎድልም። አሁን ልነሳ። ቀኑ ወደ ከሰዓት አጋድሏል፣ ደጅ ወጥቼ ደንገጎን ማየት አለብኝ። ሙባረክ ዛሬም ያንን ድልድይ ሲመላለስ ነው የሚውለው። ጠቁሮ ካገኘሁት እደውልለታለሁ፣ ቢነጫነጭም ይነጫነጭ፣ እንዳንተው ሰላም እንኳ አልለውም።

ሚስትህ