ከቁጥር አርባ ሰባት ላነሱኝ ሰዎች ስለዋሉላቸው ውለታ

ለክቡር የከተማው መንገዶች ጥገናና ደኅንነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለወገብዎ፣ ለጉልበትዎ፣ በተለይም ለሁለቱም እግሮችዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔ ከሦስት ወር ወዲህ አንዱን እግሬን በብረት ዘንግና በስምንት ብሎን አስጠግኜ ሌላውን የሁለት ሥራ እያሠራሁት ስለምገኝ፣ የእግር ነገር ከማንም በላይ ይገባኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ለምስጋና ነው። ሦስት ወር ሙሉ ያገላበጠችኝና ገላዬን ያጠበችኝ ታላቅ እህቴ ረቂቁን አንብባ፣ ስድብ ያለበትን መስመር ሁሉ ካላወጣህ ከዚህ ቤት ውጣ ስላለችኝ አውጥቻለሁ። መጀመሪያ ስድስት ገጽ ነበር።

ማን እንደሆንኩ ላስታውስዎ። ከየክሊኒኩ የተቀዳ ደም በቀዝቃዛ ሣጥን ጭኜ ወደ ዋናው ላቦራቶሪ በሞተር ሳይክል የማመላልስ ሰው ነኝ። በመሥሪያ ቤትዎ መዝገብ ግን «የቁጥር አርባ ሰባት ተጎጂ» ተብዬ እንደምጠራ ጸሐፊዎ ነግራኛለች፤ አርባ ሰባት ደግሞ የእኔ ሳይሆን የጉድጓዱ ቁጥር ነው።

አንደኛ፣ ስለ ቀለሙ አመሰግናለሁ። መሥሪያ ቤትዎ ስለ አንድ ጉድጓድ ጥቆማ ሲደርሰው፣ ሠራተኞች ልኮ ዙሪያውን በነጭ ቀለም አስከብቦ፣ ጎኑ ላይ ቁጥር አስጽፎ የመመለስ የተመሰገነ አሠራር አለው። በዓመታዊ ሪፖርትዎ ላይ «የተለዩ ጉድጓዶች» የሚል ዓምድ አይቻለሁ፤ «የተደፈኑ ጉድጓዶች» የሚለውን ዓምድ ግን፣ የዓይኔ ድካም ይሆናል፣ ፈልጌ አጣሁት። ቁጥር አርባ ሰባት እኔ ከመውደቄ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ሦስት ጊዜ ተለይቷል። ቀለሙን ዝናብ ሲያጥበው እንደገና ይከበብና እንደ አዲስ ይቆጠራል። በዚህ ትጋት ከቀጠሉ ከተማው ውስጥ ካለው ጉድጓድ ይልቅ እርስዎ የለዩት መብለጡ አይቀርም፤ ከሌለው ነገር ላይ ትርፍ የሚያሳይ ሌላ መሥሪያ ቤት እኔ በበኩሌ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ሠራተኞችዎ ለመንገድ ንጽሕና ስላላቸው ቅንዓት አመሰግናለሁ። ከጉድጓዱ ፊት ለፊት አንድ ጎሚስታ አለ። ብዙ ስለማይናገር ሰፈሩ «ዝምታው» ይለዋል። ይህ ሰው፣ ክቡር ሆይ፣ ማንም ሳያዘውና ሳይለምነው፣ በየማለዳው ሱቁን ከመክፈቱ በፊት አንድ ያረጀ የጭነት መኪና ጎማ እያንከባለለ አምጥቶ ጉድጓዱ ላይ ያጋድመዋል፤ መሃሉ ላይም ቀይ ጨርቅ ያሰረበት እንጨት ይተክላል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አድርጓል፤ በእነዚያ ሁለት ዓመታትም እዚያ የወደቀ ሰው የለም። እኔ በወደቅኩበት ዕለት ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቀለም ቀቢዎችዎ ለአራተኛ ጊዜ ሊለዩት መጡ። ጎማው ለቡርሻቸው አልመች ስላላቸው «ባዕድ ነገር» ብለው መኪናቸው ላይ ጫኑት፤ ዝምታው ተዉ ቢላቸው ነገ ቢሮ መጥተህ አመልክት አሉት፤ ከዚያም ክቡን አሳምረው ቀብተው ሄዱ። ስድስት ሰዓት ላይ ዝናብ መጣና ያልደረቀውን ቀለም ጠርጎ ወሰደው። እኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስደርስ ጉድጓዱ በውኃ ሞልቶ ከአስፋልቱ ጋር እኩል ሆኖ ጠበቀኝ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ተደፍኖ የታየው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ስላነሱኝ ሰዎች። እነዚህን እንኳ እርስዎ አላሠማሯቸውም፤ ኋላ ላይ ግን እንዳልረሷቸው አይቻለሁና እዚሁ ማስገባት ይገባኛል። ስወድቅ መጀመሪያ የደረሰው ዝምታው ነበር። የራስ ቁሬን ለማውለቅ የሚታገለኝን ሌላ ሰው ገፍትሮ፣ አንገቴን በሁለት እጁ ይዞ፣ አትነቃነቅ፣ ወንድሜ፣ እኔ አለሁ አለኝ፤ ይህ ለእሱ የአንድ ወር ንግግር ነው። አጠገቡ አትክልት የምትሸጠው ሴትዮ የቲማቲም ሣጥኗን ሰብራ ጣውላውን እግሬ ላይ ግራና ቀኝ አስጠግታ፣ ከራሷ ላይ ሻሿን ፈትታ አሰረችው። በዕድሜ ታናሼ ሳትሆን አትቀርም፣ ግን ልጄ፣ ልጄ እያለች ነበር። የሚኒባስ ሹፌር ቆመ፤ ተሳፋሪዎቹ አንድም ሰው ሳያጉረመርም ወርደው ቦታ ለቀቁልኝ፤ ዝምታው የሱቁን የእንጨት መዝጊያ ከማጠፊያው ነቅሎ በእሱ ላይ አስተኝተው ጫኑኝ። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ፣ እስከ ዛሬ ማን እንደሆነች የማላውቃት፣ የደም ናሙናውን ሣጥን አንሥታ በዝናብ በእግሯ ላቦራቶሪ ድረስ ሄዳ አስረክባለች። ሐኪሙ ግማሽ ሰዓት ዘግይተህ ብትመጣ ኖሮ ይህ እግር ይቆረጥ ነበር ብሎኛል። እኔ ይህን ሁሉ ሳስብ ያለቀስኩትን ያህል እናቴ ስትሞት እንኳ አላለቀስኩም።

አራተኛውን ቁጥር የያዘው የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎ ነው፤ እሱ ብቻውን ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይወጣው ነበር። በሦስተኛው ቀን ከረባት አስሮ፣ ብርቱካን ይዞ፣ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ በገዛ እጁ እየላጠ አጎረሰኝ። አንጀቴ ራሰ። መሥሪያ ቤታችን ለደጋግ ዜጎች የምስጋና የምስክር ወረቀት ሊሰጥ አስቧልና ማን ማን እንደረዳህ አንድ ሳታስቀር ንገረኝ አለኝ። እኔ ምን ገዶኝ፤ አፌን ሞልቼ ዘረገፍኩለት። ስለ ዝምታው ስነግረውማ ምስክር ወረቀቱ እንዳያንስበት ብዬ፣ ማንም ሳያዘው በየማለዳው ጎማ እያመጣ መንገዱ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ነው፣ እኔም በዓይኔ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አላጓደለም አልኩት። ሠራተኞችዎ ያን ዕለት ጎማውን እንዳነሡትም ዝምታው መኪና ውስጥ ነግሮኝ ስለነበር እሱንም ጨመርኩለት። ባለሙያዎ ራሱን እየነቀነቀ ጻፈ፤ ቀኝ እጄ በጀሶ ስለነበር በግራ እጄ ፈረምኩ።

የፈረምኩበትን ወረቀት መልሼ ያየሁት ከአምስት ሳምንት በኋላ ዝምታው በተከሰሰበት መዝገብ ውስጥ ተያይዞ ነው። ክሱ የሕዝብ መንገድ ያለፈቃድ በመዝጋት በሰው አካል ላይ ጉዳት ማድረስ ይላል። ቃሉ ሁሉ የእኔ ነው፤ አልክድም። ማንም ሳያዘው፣ በየማለዳው፣ መንገዱ ላይ፣ ሁለት ዓመት፣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሁሉም አለ። የሌለው ሠራተኞችዎ ጎማውን ጭነው የሄዱበት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ምናልባት ገጹ ሞልቶ ይሆናል። ሱቁ ታሸገ። ጎማው በኤግዚቢትነት መጋዘንዎ ውስጥ ስለተቀመጠ ጉድጓዱ ባዶውን ቀረ። ክቡር ሆይ፣ ሰው በስም ማጥፋት ሰው ሲያሳስር ሰምቻለሁ፤ ባመሰገነው ሰው ላይ ምስክር የሆነ ግን ከእኔ ሌላ አላውቅም፤ ይህን ዕድል ስለሰጡኝ በአክብሮት እጅ እነሣለሁ። ሲያነቡልኝ አፈርኩ፤ ቀጥሎ ቆሽቴ አረረ፤ አሁንም እንዳረረ ነው።

ፊርማዬን ልመልስ ብዬ በክራንች አራተኛ ፎቅ ወጥቻለሁ፤ አሳንሰርዎ ተበላሽቷል የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ስለነበር እሱም ቢያንስ መለየቱን አይቼ ተጽናናሁ። የሕግ ክፍልዎ ያለ እብደት ማስረጃ የተፈረመ ቃል አይነሣም አለኝ። ሐኪሙ ሳያንገራግር ጻፈልኝ፤ በፈረምኩበት ዕለት በማደንዘዣ ብዛት የግሉኮስ መስቀያውን አጎቴ ብዬ ሰላም ስል እንደዋልኩና ሚስቱ እንዴት እንደሆነች ደጋግሜ እንደጠየቅሁት አስፍሯል። ወረቀቱን ይዤ ስመለስ የሕግ ክፍልዎ ደስ አለው፤ እንግዲያው ሠራተኞቻችን ጎማ አነሡ የምትለውም የእብድ ቃል ነዋ አለኝ። ለአሥራ ሁለት ዓመት ሞተር ስነዳ እንዲህ ያለ ኩርባ ገጥሞኝ አያውቅም።

ከዚህ በኋላ ቁጥር አልሰጥም፤ ያለፈው ረቡዕ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ያን ቀን ከባለ አትክልቷ ሴትዮ ዘንድ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። ይቅርታ ልጠይቃት ነበር የሄድኩት፤ ክሱ ላይ የእሷም ነገር «ያለ ሙያ ፈቃድ ሕክምና መስጠት» በሚል ሊታይ እንደሚችል ማስጠንቀቂያ ደርሷታልና። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ አንዲት አስተማሪ በሞተር ሳይክሏ መጥታ እዚያው ገባች። ስትወድቅ ድምፁን ሰማሁት፤ የእኔንም እንዲያ ሰምተውት ነበር ማለት ነው። የተማሪዎቿ ደብተር መንገድ ሙሉ ተበተነ፤ ቀኝ እጇ ከሞተሩ ሥር ቀረ። ሰው ተሰበሰበ፤ ግን ክብ ሠርቶ ቆመ። ባለ አትክልቷ ተነሥታ ሻሿን ፈታች፣ ትንሽ በእጇ ይዛው ቆየችና መልሳ አሰረችው። አንድ ሚኒባስ ቆመ፤ ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የሚመለከተው አካል ተጠርቷል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ተጠርቷል ሲሉት ሄደ። ዝምታው የታሸገው በሩ ላይ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ጠራሁት። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ እኔ አላነሣም፣ ልጆች አሉኝ አለ።

እኔ ክራንቼን ጥዬ አስፋልቱ ላይ ከጎኗ ተቀመጥኩ፤ ማንሣት አልችልም፣ ሞተሩንም ብገፋው አልንቀሳቀስ አለኝ። እህቴ፣ ወንድሜ፣ እናቴ እያለች ያለችበትን ክብ ሁሉ በየተራ ለመነች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ምን አድርጌያቸው ነው የማያነሱኝ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ስላመሰገንኳቸው ነው አልኳት። የሚመለከተው አካል ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ደረሰ። የአስተማሪዋ እጅ ተቆርጧል፤ ቀደም ብላ ብትመጣ ይተርፍ ነበር ብሏል ያው የእኔው ሐኪም።

ስለሆነም፣ ክቡር ሆይ፣ በግራ እጄ የፈረምኩትን ቃል ይህን ደብዳቤ በሚያነብ ሰው ሁሉ ፊት በቀኝ እጄ እየፈረምኩ አንሥቻለሁ። የፊታችን ማክሰኞ አራት ሰዓት ዝምታው ችሎት ሲቀርብ እኔም እቀርባለሁ፤ ጎማውን ማን እንደጫነውም እናገራለሁ፤ እብድ ነህ ካላችሁኝ የሐኪሙን ወረቀት ራሴ አምጥቼላችኋለሁ። የዝምታውን ሱቅ ዳኛ ሊያስከፍተው ይችላል። ያ ሰው በየማለዳው ጎማ ሊያንከባልል ይነሣበት የነበረውን ልብ የሚያስከፍትለት ግን ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እርስዎ ያውቁ እንደሆነ ቢጽፉልኝ ውለታዎን አልረሳም።

መንገዳችንን ከጎማ፣ ከቀይ ጨርቅና ከደግ ሰው አጽድተው ለሰጡን ለእርስዎ፣ ለቀለም ቀቢዎችዎና ለባለ ከረባቱ ባለሙያዎ ያለኝን ወሰን የሌለው አድናቆት እየገለጽኩ፣ በአንድ እግሬ ቆሜ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ፣ ሚዛኔን የምጠብቅበት ግድግዳ እስካለ ድረስ እሰናበትዎታለሁ።

ታዛዥዎ፣
ደም አመላላሹ

ማስታወሻ፦ ማክሰኞ ወደ ችሎት ሲመጡ እባክዎ በእኛ መንገድ አይምጡ። ምናልባት መጥተው ቢወድቁ ግን ለሥርዓቱ አይስጉ፤ ሁላችንም ክብ ሠርተን፣ እጃችንን ኪሳችን ከትተን፣ የሚመለከተው አካል እስኪመጣ ድረስ እናይዎታለን።