የውባንቺ ውስጥ እግር

ነሐሴ 3
ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ስቱዲዮ የገቡት ሁለት ሰዎች ብቻ፣ ለጉርድ ፎቶ። ከጎረቤቴ ከፎቶ አንሺው ከዘመነ ጋር ስንከራከር ቆየን። አዲስ ካሜራ ገዝቶ መድረሻ አሳጣን። "ያንተን አሮጌ ጣለው፣ ጥራት የለውም" ይለኛል። የሱንና የኔን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጌ "የትኛው ነው ያንተ?" አልኩት። አላወቀውም! እዚህ ወረታ ከተማ ማን ይለየዋል? ደንበኛ የሚፈልገው ፊቱ ጥርት እንዲልለት ነው። ለሱ ካሜራም አያሻ፣ ስልኬ ይበቃል።

ነሐሴ 4
ሚስቴ ውባንቺ ከሩዝ አረም ተመልሳ እግሯን ስትታጠብ ውስጥ እግሯ ላይ ጥቁር ነጥብ አየሁ። ምስር ያህላል።
"እሾህ ወግቶኝ ይሆናል፣ ተወው በል።"
አልተውኩትም። በስልኬ አንስቼ ባሕር ዳር ላለው ሐኪም ላክሁ፤ የዘመነ የአክስት ልጅ ነው። "በፎቶው እንደማየው ጠርዙ ለስላሳ፣ ቀለሙ አንድ ዓይነት ነው። የቋጠረ ደም ይመስላል" አለኝ። ተመስገን።

ነሐሴ 11
ግንባሯ ላይ ጠባሳ ያላት ልጅ ፎቶ ልትነሳ መጣች። ስልኩ ላይ ሳየው ጠባሳው የለም። ሳልነካው... የስልኩ ማስዋቢያ! ቆዳ የሚያለሰልሰው። ደንበኛ ይወደዋል ብዬ አጥፍቼው አላውቅም።
የውባንቺንም እግር በዚሁ ነው ያነሳሁት።
ልጅቷን "ነገ ነይ" ብዬ ዘግቼ ወደ ቤት ሮጥኩ። የውባንቺን እግር በአሮጌው ካሜራ ደጅ ላይ አነሳሁ። ጠርዙ የተበላ ነው። ቀለሙም ጥቁርና ግራጫ።
"ምነው ፊትህ ተለዋወጠ?"
"ምንም" አልኳት። ለምን ዋሸሁ? ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ነሐሴ 12
አዲሱን ፎቶ እንደላክሁ ሐኪሙ ደወለ። "የፊተኛው የሌላ ሰው እግር ነው እንዴ?" የእሷው ነው አልኩት። ወዲያው እንዲህ አለኝ፦ "ነገ ይዘሃት ና። መቼ ጀመራት?"
እኔ ምን አውቄ...
የድሮ ፎቶ ስበረብር ዋልኩ። የዛሬ ሁለት ዓመት ዋንዛዬ ፍል ውኃ፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ወደኔ ዘርግታ ትስቃለች። ብዥ ያለ፣ ዘመነ የሚያሾፍበት ዓይነት። አጎላሁት። አለ። ነጥቡ፣ የሰሊጥ ፍሬ ያህላል።
ይኸው ፎቶ ታትሞ ሁለት ዓመት ሙሉ የስቱዲዮዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ነሐሴ 13
ባሕር ዳር። መኪናው ውስጥ እጄን አልለቀቀችም። ገብቷታል ማለት ነው። ቆርጠው አወጡት። ለምርመራ ተልኳል፣ ውጤቱ ሦስት አራት ሳምንት ይፈጃል። የዋንዛዬው ፎቶ እያደገ መሆኑን አሳይቷቸዋል።

ነሐሴ 22
ስልክ በጠራ ቁጥር ደንበኛ አቋርጬ አነሳለሁ፤ ሐኪሙ አይደለም።

መስከረም 4
ደወለ። ካንሰር ነው። ግን በዙሪያው የቆረጡት ሥጋ ንጹህ ሆኖ ተገኝቷል፣ በጊዜ ደርሳችኋል አለ። ቢሆንም በየወሩ ፎቶ ላክልኝ...
ውባንቺ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘረጋችልኝ። "አሳምረህ አንሳኝ እንግዲህ" ብላ ሳቀች።
"አላሳምርም" አልኳት።
አሮጌውን ካሜራ አወጣሁ። እግሯን አነሳሁ።