ከሥራ ወደ ቤት በወንዝ

አልመጣም። አልመጣም አልኩህ እኮ አባዬ! «ማክሰኞ የኩስቶዲዮ መኪና ላይ ትወጫለሽ፣ አለቀ» ብለህ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። መልሼ ስደውል አሁንም ዘጋኸው። ሦስተኛው ላይ እማዬ አንስታ «አባትሽ መረብ ሊጠግን ወጥቷል» አለችኝ፤ አንተ ደግሞ ከኋላዋ ስታስል ይሰማኛል። ስለዚህ ኩስቶዲዮ ወደናንተ ሲነዳ ለኔ በያዘው ወንበር ላይ ይሄን ወረቀት አስቀምጬልሃለሁ። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም። ከፈለግክ ቅደደው፣ ግን አንብበህ ነው የምትቀደው።

እሺ፣ ሰላምታው። ተናድጄ ዘለልኩት እንጂ ረስቼው አይደለም። እንዴት ሰነበትክ አባዬ? ወገብህ እንዴት ነው? ያቺ የቀኝ ትከሻህ መረብ ስትጎትት አሁንም ታምሃለች? የላክሁልህን ቅባት ትቀባለህ ወይስ መደርደሪያው ላይ አስቀምጠህ ታየዋለህ? ዘንድሮ ሰርዲኑ እንዴት ነው? እማዬስ እንቅልፍ መለስ አለላት? የአያቴ ጉልበት፣ የታናሼ የናርሲዙ ጥርስ፣ ሁሉም ደህና ነው? እኔ ተመስገን ጤነኛ ነኝ። ናፍቆታችሁ አለ፣ ያንተ ቁጣ አለ፣ ሌላ የሚያመኝ ነገር የለም።

አሁን ወደ ጠባችን። አክስቴ ግራሲንዳ «ልጅህ ወንዝ ውስጥ ስትጫወት ትውላለች» አለችህ አሉ። «ትውላለች» ውሸት ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ቀኑ አስር ሰዓት ከሷው ጋር እዚህ ባዝል የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ አንሶላ ሳጥፍ ነው የምውለው። ትምህርት ቤት አንድ ቀን በሰዓቱ ገብታ የማታውቀው ልጅህ እዚህ አንድም ቀን አላረፈደችም። ይሄን ነግራሃለች? አልነገረችህም። መጥፎ መጥፎውን ነው በስልክ የምታወራው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። የዛሬ ሁለት ወር፣ በጣም በሞቀበት ቀን፣ ከሥራ ወጥተን ቼሪ ገዛንና ወንዙ ዳር ያለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ቁጭ አልን። እየበላን ቀና ስል ውሃው ላይ የሰው ጭንቅላት! መጀመሪያ አንድ መላጣ፣ ቀጥሎ ሽበታም ሴት፣ ከዚያ አምስት አንድ ላይ። ወንዙ ይዟቸው እብስ ይላል፣ ሁሉም የሆነ ነገር እንቅ አድርገው ይዘዋል። ዳር ላይ ያለው ሰው ደግሞ ንቅንቅ የለም፤ እንዲያውም አንዱ ጋዜጣ ያነባል። አባዬ፣ እኛ መንደር አንኮራ ውስጥ ውሃ ላይ የሰው ጭንቅላት ሲታይ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። ደወል ይደወላል፣ ሴቶቹ እየጮሁ ወደ አሸዋው ይወርዳሉ። እኔም አላሰብኩም። «ሰው ሰጠመ!» ብዬ በኛ ቋንቋ ጮኬ ተነሳሁ፣ ቼሪው ተበተነ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቀዩን የነፍስ አድን ጎማ መንጭቄ፣ ገመድ ወደ ጀልባ መወርወር ባስተማርከው ክንድ ለቀቅኩት። አልሳትኩም። ሽበታሟ ሴት ጭንቅላት ላይ ሄዶ አረፈ።

ሰዎቹ ግን እየሰጠሙ አልነበረም። ከሥራ ወደ ቤታቸው እየሄዱ ነበር።

አዎ፣ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ሲሞቅ ሰውዬው ከቢሮ ይወጣል፣ ሱሪውን፣ ጫማውንና ስልኩን የዓሣ ቅርጽ ያለው ውሃ የማያስገባ ቦርሳ ውስጥ ይከታል፣ አፉን ሰባት ጊዜ ጠቅልሎ ይቆልፋል፣ እሱን አቅፎ ራይን ወንዝ ውስጥ ይገባል። ወንዙ ሰፈሩ ድረስ ያደርሰዋል። የባንክ ሠራተኛው፣ አስተማሪዋ፣ የሆቴላችን ሥራ አስኪያጅ ሳይቀር። ጠዋት በከረባት «አንሶላው መስመር አለው» ብሎ የጮኸብኝን ሰውዬ ማታ በአበባ ቁምጣ ተንሳፍፎ ሲያልፍ ሳየው እንዴት ልፍራው?

በጎማ የመታኋቸው ሴትዮ ወይዘሮ ሄድቪግ ይባላሉ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ሠላሳ ዓመት ትራም የነዱ። ከታች በኩል ወጥተው በባዶ እግራቸው፣ ውሃቸው እየተንጠባጠበ፣ ጎማውን ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው መጡ። «ማነው ይሄን የወረወረው?» አሉ። አክስቴ እኔን እንደማታውቅ ሆና ቼሪ መልቀም ጀመረች። እኔም ተነስቼ «እኔ ነኝ! ላድንዎት ነው እንጂ ልገድልዎት ነው እንዴ?» አልኩ በኛው ቋንቋ። «ምንድነው የምትለው ይቺ?» አሉ። አክስቴ እየተቅለሰለሰች ተረጎመች፤ ከዚያ እኔ ያላልኩትንም ጨመረች፣ ባህር የበላውን የአጎቴን የፊርሚኖን ነገር።

ሴትዮዋ እርጥብ እንደሆኑ አጠገባችን ቁጭ ብለው ከቼሪያችን አንድ አነሱና በሉ፣ ማንም ሳይጋብዛቸው። ከዚያ «አወራወሯ ጥሩ ነው» አሉ። «ዋናስ?»

«አትችልም» አለች አክስቴ።

«የዓሣ አጥማጅ ልጅ ሆና?»

«አባቷም አይችልም። ሟቹ ወንድሜም አይችልም ነበር። እኛ ጋ ማንም አይችልም።»

ወይዘሮ ሄድቪግ ፍሬውን ተፍተው ተነሱ። «ነገ አሥራ አንድ ሰዓት፣ እዚሁ። የዋና ልብስ ከሌላት የኔን አመጣላታለሁ።» አመጡልኝ። ድንኳን የሚያህል፣ ሱፍ አበባ የታተመበት! ሁለት ቦታ በመርፌ ቁልፍ ይዘን ለበስኩት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ደረት ድረስ ብቻ የሚደርስ የታጠረ ቦታ ውስጥ አሰለጠኑኝ። እንዳትስቅ፣ እየተሳደብኩ ነው የተማርኩት። «ውሃውን ለምን ትመቺዋለሽ፣ ምን አደረገሽ? የተናደደች ድመት!» ይሉኛል። እኔ ደግሞ በዚያች በተሰባበረች ጀርመንኛዬ «እርስዎ ደግሞ ልክ እንደ ትራም፣ ማቆሚያው ካልደረሰ አያቆሙም» አልኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ አንድ ቀን «በጀርባሽ ተኚ፣ ጆሮሽን ውሃ ውስጥ ክተቺ፣ ዝም በይ፣ ከቻልሽ» አሉኝ። መዳፋቸውን ከአንገቴ ሥር አድርገው ያዙኝ። ተኛሁ። አባዬ፣ ወንዙ ድምፅ አለው! ከታች ያለው ጠጠር ከውሃው ጋር እየተንከባለለ ይንሿሿል። ናርሲዙ የዛጎል ከረጢቱን ሲያራግፍ እንደሚሰማው፣ ግን ቀጭን፣ ከሩቅ፣ ማቆሚያ የሌለው። ሰማይ ሰማዩን እያየሁ እሱን ስሰማ ለካ እጃቸውን ከወሰዱት ቆይተዋል። አለቀስኩ። ውሃ ውስጥ ማን ያያል።

አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ የምመለሰው በወንዝ ነው። ከድልድዩ በፊት ስንወጣ ዳር ላይ እሳት የሚያነድ አይጠፋም፤ ወይዘሮ ሄድቪግ ቋሊማውን ጫፍና ጫፉን በቢላ ሰንጥቀው ይጠብሱታል፣ ሲበስል እንደ ሸርጣን እግር ይዘረጋል። የሰው ፀጉር እርጥብ ነው፣ ትራሙ ላይ የሚቀመጠው ሰው እርጥብ ነው፣ ማንም ምንም አይልም። ደግሞ ሰው የማይፈልገውን ዕቃ «ውሰዱት» ብሎ ጽፎ በሩ ላይ ያስቀምጠዋል፤ አንድ መብራትና አንድ ሬዲዮ አግኝቻለሁ፣ ሬዲዮው ይሠራል፣ መብራቱ ሲመታ ይሠራል። እሑድ ግን ወዮልህ፣ ጠርሙስ እንኳ መጣል አይቻልም፣ ይጮሃል ብለው። አክስቴ እሑድ እሑድ በሹክሹክታ ነው የምትቆጣኝ፤ ለኔ ከሳምንቱ የምወደው ቀን እሱ ነው።

አንተ ብታየው የምትወደው ግን ጀልባውን ነው። ሰው ከዳር ዳር የሚያሻግር ጀልባ አለ፤ ሞተር የለው፣ ናፍጣ የለው፣ መቅዘፊያ የለው። ከላይ በተዘረጋ ሽቦ ይታሰራል፣ ባለጀልባው መሪውን ትንሽ ዘወር ሲያደርገው ወንዙ ራሱ ገፍቶ ያሻግረዋል። የአባቴ ጀልባ ናፍጣ እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው ብዬ ነገርኩት። «ይምጣና እንለዋወጥ» አለኝ፤ «ሃያ ዓመት ሙሉ ይቺኑ ሁለት መቶ ሜትር ነው የተመላለስኩት፣ አንድ ቀን እንኳ የሆነ ቦታ መድረስ አማረኝ።»

እሺ፣ አሁን አክስቴን ያስደነገጣት ነገር። እሱን አልክድም። የዛሬ አሥር ቀን ወይዘሮ ሄድቪግ አሟቸው ብቻዬን ገባሁ። መውጫው ጋ ስደርስ ወደ ዳር መጠጋት ነበረብኝ፣ እኔ ግን ጠጠሩን እያዳመጥኩ መሀል ላይ ቀረሁ። መውጫው አለፈኝ። ቀጣዩም አለፈኝ። ከዚያ በኋላ ያለው የትልልቅ ጭነት መርከቦች ቦታ ነው፤ አንዱ ጡሩምባውን ሲነፋ አጥንቴ ውስጥ ተሰማኝ። አክስቴ ፎጣ ይዛ ስትጠብቀኝ ነበር፤ ስሜን እየጠራች ዳር ዳሩን ሮጠች፣ ጫማዋ ወለቀ። በመጨረሻ አንድ የብረት መሰላል ይዤ ወጣሁ። በጥፊ መታችኝ፣ ከዚያ አቀፈችኝ፣ ከዚያ ላንተ ደወለች። ወይዘሮ ሄድቪግ ሦስት ቀን አላናገሩኝም። በአራተኛው ቀን «ብቻሽን ሁለተኛ አትገቢም፣ ከዳር አትርቂም፤ ማይልኝ» አሉኝ። ማልኩ። ጥፋተኛ ነኝ አባዬ፣ ይቅርታ። ይቅርታ ስል ሰምተኸኝ አታውቅም፣ ይኸው በጽሑፍ።

ግን «ውሃ መጫወቻ አይደለም፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ» አልከኝ። አውቃለሁ። ነበርኩ እኮ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ አሸዋው ላይ የእማዬን ቀሚስ ይዤ ቆሜ ነበር። የአጎቴ ጀልባ የኛ ወንዝና ባህሩ የሚገናኙበት ላይ ተገለበጠች፤ እሱ መቅዘፊያ ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ነበር፣ ከዳር አርባ እርምጃ አይሞላም። ሰው ሁሉ ፊርሚኖን ሲያይ እኔ አንተን ነበር የማየው። ገመድ ይዘህ ደረትህ ድረስ ገባህ፣ ማዕበሉ ወርውሮ መለሰህ። ደግመህ ገባህ። አራት ጊዜ፣ ቆጥሬያለሁ። ከዚያ ጉልበትህ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመህ ቀረህ፣ ገመዱ እጅህ ላይ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለሱ አንድ ቃል ተናግረህ አታውቅም፣ እኛም ጠይቀንህ አናውቅም። ምናልባት «ልጄ ቆሜ ሲያቅተኝ አይታለች፣ ትታዘበኛለች» ብለህ ይሆናል። እኔ ግን ያየሁት አራት ጊዜ ስትገባ ነው። ዋና ሳትችል አራት ጊዜ! እኔ አሁን እየቻልኩ እንኳ መርከቡ ሲነፋ እንዴት እንደፈራሁ ብነግርህ።

ስለዚህ የምለምንህ ይሄን ነው። አርብ እዚህ መዋኛ ቤት ውስጥ የሰው ነፍስ ማዳን የሚያስተምሩበት ትምህርት ይጀመራል። እስከ ሚያዝያ ነው። ወይዘሮ ሄድቪግ ስሜን አስመዝግበዋል። አዎ፣ ትምህርት! ከትምህርት ቤት በሯን በርግዳ የወጣችው ልጅህ ትምህርት ልግባ እያለች ትለምንሃለች፤ እማዬን ጥራትና አብራችሁ አንብቡት። ግን አክስቴ «ወንድሜ በራሱ አፍ እሺ ካላለኝ አርብ አውቶቡስ ላይ ነው የማሳፍርሽ። አንዱን ወንድሜን ውሃ በልቶብኛል፣ የሌላውን ልጅ በኔ እጅ አይበላም» ብላለች። አልፈርድባትም።

ሌላም አለ። ብርዱ ገብቶ ጀልባዋን ከውሃ ስታወጣት አሥር ቀን ና። ሞቅ ያለ፣ ደረት ድረስ ብቻ የሚደርስ ውሃ አለ፤ እዚህ የሚያውቅህ የለም፣ «ኦሊንዶ በስተርጅና ዋና ሊማር» ብሎ የሚስቅ የለም። እኔ ነኝ የማስተምርህ። አልጮህብህም። እሺ፣ ብዙ አልጮህብህም። አንተ ማታ ወደ ባህር በወጣህ ቁጥር እዚህ አልጋዬ ላይ ምን እንደማስብ ነግሬህ አላውቅም፤ አሁንም አልነግርህም፣ ስታስበው ይገባሃል።

እማዬን ናርሲዙ ሁለቱን ጉንጮቿን ይሳምልኝ፤ አንተ ሰው ፊት ታፍራለህ። አያቴ ጸሎቷ ላይ ስሜን ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ታምጣልኝ፣ ይሄን ሳምንት ብቻ። ናርሲዙ «እህቴም ትታለች» ብሎ ከትምህርት ቤት ቢቀር መጥቼ በጆሮው ነው የማስገባው፤ ደግሞ ስኳር ይቀንስ።

ኩስቶዲዮ ይሄን እሮብ ቀትር ላይ እጅህ ያስገባዋል፤ ጀልባዋ የምትወጣው ማታ ነው። መሀል ላይ ሙሉ ከሰዓት አለህ። እሺ በል ወይ እምቢ በል። እምቢ ካልክ አርብ እመጣለሁ፣ አፌን አልከፍትም፣ በእማዬ ሞት። ግን በራስህ አፍ ንገረኝ፤ ዝም ብለህ ወደ ባህሩ እንዳትወጣብኝ። ስልኩን ይዤ መስኮቱ ጋ ነኝ። ሳይጨልም ደውል አባዬ። ሳይጨልም!

ልጅህ ኢዳሊና

ባዝል፣ ሰኞ፣ ኦገስት 18