ዘበኛው የወጣበት በር

ለውድ ወንድሜ ለይሁን፣

እንደምን ሰነበትክ? የጀርመን ብርድ እንዴት ያዘህ? ወገብህስ ተሻለህ? እማዋይሽና መልአክ ደኅና ናቸው? እኔ፣ አምላክ ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ዘንድሮ ዝናቡ ዘገየና አቧራው ከደንበኛ ቀድሞ ሱቄ ይገባል። በስልክ እንዳላወራህ እንባ ይቀድመኛል፤ ስለዚህ ቀስ እያልኩ ልጻፍልህ። መልስ ያዘገየሁት ረስቼህ አይደለም። «ሙሉውን ፊልም ልላክልሽ ወይስ ይቅር?» ላልከኝ የምለው ስላጣሁ ነው።

ልጄ ዮፍታሔ ናይሮቢ ሳለ የአጋንንት ፊልም ውስጥ ዘበኛ ሆኖ መሥራቱን ነግሮኝ ነበር። «በር ከፍቼ እወጣለሁ፣ በቃ» ነው ያለኝ። ያ ክፉ ትኩሳት ወስዶት ጓደኞቹ እዚያው ከቀበሩት በኋላ፣ ፊልሙ ከዓረብ አገር በሚመጣ ጣቢያ ታየ። ሮጣ የጠራችኝ ጎረቤቴ ዋርዳ ናት። እውነትም ልጄ ባትሪውን ይዞ፣ እንደ ልማዱ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ በሩን ከፍቶ ወጣ። አልተመለሰም። የሌሎቹ ሬሳ ተገኝቶ ሲለቀስ እሱን ማንም አላነሣውም። ዋርዳ፣ «አባዮ፣ እኅቴ፣ ያንቺ ልጅ ብልጥ ነው! እነዚህን ለጂኒ ጥሎ እሱ ጫት ሊገዛ ሄደ» ስትለኝ ከሐዘኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቅሁ። ደግመው ባሳዩት ቁጥር እሷ ቤት ሄጄ አየሁት። ሞኝ አትበለኝ። መቃብሩን ላላየች እናት፣ በር ከፍቶ የወጣ ልጅ ይመለስ ይሆናል።

የዓረቡ ጣቢያ ሰዎች ደም ያለበትን እየቆረጡ እንደሚያሳዩ አላወቅሁም ነበር። ያወቅሁት የዋርዳ የአክስት ልጅ ከቱርክ ፊልሙን በስልክ የላከላት ጊዜ ነው። በዚያኛው ላይ ሞቱን አልቆረጡትም። ዋርዳ ቀድማ አይታው ኖሮ ስልኩን በሻሿ ሸፈነችና፣ «አንቺ አታዪ፣ ድምፁን ብቻ ስሚ» አለችኝ። ሰማሁ። የሌላ ሰው ድምፅ ነው። ጉሮሮው የጎረነነ ሽማግሌ በልጄ አፍ በቱርክኛ ይጮኻል። አንዱ አገር ሞቱን ደበቀልኝ፣ ሌላው ድምፁን ወሰደብኝ።

አሁን ደግሞ አንተ፣ እናንተ ዘንድ ተከልክሎ የነበረው ተፈቅዶ፣ የተቆረጠው ሁሉ ተመልሶ እንደገና ወጣ አልከኝ። ድምፁም የራሱ ነው አልክ። ፊልሙን የሠራው ሰው «በገዛ ቋንቋህ ጩኽ» ብሎት ኖሮ፣ ያ ጋኔን ሊያርደው አንቆ ሲይዘው «እማዬ» እንደሚል ጻፍክልኝ። ይሁን፣ ይህን ባትጽፍልኝ ምን ነበረበት? ባትጽፍልኝም ኖሮ አልምርህም ነበር።

የከተማው ልጆችም አግኝተውታል። ባለፈው ከቀብሪበያ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አንዱ ለጓደኛው፣ «ሐበሻው ዘበኛ የሚታረድበት ጋ አሳልፈው» ሲለው ሰማሁ። ምን ልበላቸው? ልጄ ነው ብላቸው ቆርጠው አይጥሉልኝ። ለማን አቤት ይባላል? ለዓረቡ? ለጀርመኑ? አባ ገብረክርስቶስን ባማክራቸው፣ «ሥዕል ነፍስ የለውም፤ አንቺ ጸልዪለት» አሉኝ። ሥዕሉስ እሺ፣ ድምፁስ? እሱ እኮ የራሱ የልጄ ነው።

ድምፁን ብቻ ለይተህ ላክልኝ እንዳልልህ፣ ጥሪውና ሞቱ አብረው ናቸው ብለሃል። እንዳልሰማው አንጀቴ እንቢ አለኝ፤ እንዳየው ዓይኔ እንቢ አለኝ። ስለዚህ አትላክልኝ። ግን አታጥፋው። አንተ ዘንድ ይቀመጥ።

እማዋይሽን ጉንጯን ሳምልኝ። መልአክ በትምህርቱ ይበርታ፤ ያን ፊልም ግን እንዳያይ፣ የአክስቱን ልጅ በፎቶው ይወቀው። ዋርዳ ሰላም ብላሃለች፤ ወገብህን በግመል ስብ እንድታሽ አዝዛለች፣ እዚያ ግመል ከየት ይመጣል ብላት አልሰማ አለችኝ።

አንድ ነገር ብቻ ለምኜህ ላብቃ። ፊልሙን ደግመህ ያየኸው እንደሆነ፣ እማዬ ብሎ ሲጣራ ዝም አትበለው። እኔ እዚያ የለሁምና በእኔ ፈንታ «ወዬ» በልልኝ።

እኅትህ አሰገደች

ጅጅጋ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.